ስለ ክፍል አስተማሪና ስለ ንባብ መምህር በአንድነት ማስተማር

ከመንዝ ማማ ምድር፣ ከላሎ ምድር ወይም ከጌራ ምድር ወደ አንዱ የገጠር ትምህርት ቤት የሚገባ ሰው እንዲህ ያለ ልጅ ማየቱ አይቀርም። ዕድሜው ዐሥር ወይም ዐሥራ አንድ ዓመት ነው፤ ተራው ደርሶ ሲጠራ ከመቀመጫው ተነሥቶ መጽሐፉን ይገልጣል፤ ድምፁንም ከፍ አድርጎ ምንባቡን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይወጣዋል። አስተማሪውም ጎበዝ ብሎ ያስቀምጠዋል። ነገር ግን እንግዳው ሰው ቀረብ ብሎ ከገጹ መካከል አንዱን ቃል በጣቱ እያመለከተ ይህ ምን ይላል ብሎ ቢጠይቀው፣ ልጁ ጥቂት ዝም ይላል፤ ኋላም ከምንባቡ መጀመሪያ ተነሥቶ በለሆሳስ እየደገመ እስከዚያ ቃል ድረስ ይደርሳል። ዐይኑ በፊደሉ ላይ ነው፤ የሚያነበው ግን ከልቡ ነው።

ይኸው ልጅ ማለዳ ማለዳ ከደብሩ ቅጽር አጠገብ በጥዱ ሥር ከየኔታ ፊት ተቀምጦ የዮሐንስን መልእክት ይደግማል። የየኔታ ጆሮ የሠለጠነ ነውና ልጁ ፊደሉን ሳይለይ በቃሉ እንደሚሄድ ካወቁት ወራት አልፏል። ዳሩ ግን አስተማሪው የኔታን ጠይቋቸው አያውቅም፤ የኔታም ለአስተማሪው ነግረውት አያውቁም። ከትምህርት ቤቱ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ያለው መንገድ አንድ የገብስ ማሳ ቢያቋርጡ የሚያልቅ ነው፤ ሁለቱ መምህራን ግን አንዱን ልጅ ሁለት ልጅ አድርገው ሲያስተምሩት ይኖራሉ።

በብዙ የውጭ አገር ትምህርት ቤቶች የንባብን ነገር ብቻ ለይቶ የተማረ መምህር ከክፍሉ አስተማሪ ጋራ ተመድቦ ይሠራል፤ ሥራውም ማንበብ ያቃተውን ልጅ መርምሮ ምክንያቱን ማግኘትና ከአስተማሪው ጋራ ሆኖ ማቅናት ነው። በመንዝ፣ በግሼና በመርሐ ቤቴ በሚገኝ የገጠር ትምህርት ቤት በዚህ ስም የተሰየመ ሹመት መፈለግ ከንቱ ድካም ይሆናል። ሙያው ግን ከአገሩ ጠፍቶ አያውቅም፤ ባለሙያዎቹም በየደብሩ አሉ። በአንዳንዱ ቀበሌ ደግሞ ጡረታ የወጣ የአማርኛ አስተማሪ፣ ወይም ከደብረ ብርሃን የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ ቋንቋ ተምሮ የመጣ ወጣት ይገኛል። ከዚህ በታች የንባብ መምህር ሲባል ከእነዚህ ማናቸውም ቢሆን ነው፤ ይልቁንም ግን ነገሩ የሚያመለክተው የኔታን ነው።

ሁለቱን ማስተባበር ለአገሩ እንግዳ ነገር አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ ትምህርት ቤት ባቆሙ ጊዜ፣ ከግብፅ የመጡ አስተማሪዎች የውጭውን ቋንቋ ሲያስተምሩ አማርኛና ግእዝ በአገሩ ሊቃውንት እጅ ነበረ። ጠላት በ1933 ዓ.ም. ከአገር ከወጣ በኋላም በየአውራጃው ትምህርት ቤት ሲከፈት የሠለጠነ አስተማሪ ጥቂት ስለ ነበረ፣ በብዙ ስፍራ ፊደል የሚያስቈጥሩትና አማርኛ የሚያስተምሩት ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት የወጡ ሰዎች ነበሩ። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ደግሞ ማንበብ የሚችለውን ሁሉ አሰልፎ፣ ኋላ በ15 ቋንቋ አስተምሯል።

የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከወጣ ወዲህ በታችኞቹ ክፍሎች አንድ አስተማሪ ትምህርቱን ሁሉ ለብቻው እንዲይዝ ሆነ። ይህ ለልጁ መልካም ነው፤ አስተማሪው ልጁን በሙሉ ያውቀዋልና። ለአስተማሪው ግን ከባድ ሸክም ነው። ስድሳ ልጅ በተቀመጠበት ክፍል ሒሳቡንም ሳይንሱንም አማርኛውንም የሚያስተምር ሰው የእያንዳንዱን ልጅ ንባብ ለብቻ የሚሰማበትን ጊዜ ከየት ያመጣል? አርባ ደቂቃ ለስድሳ ልጅ ቢካፈል ለአንዱ አርባ ሰኮንድ ይደርሰዋል፤ ይህም መጽሐፉን ገልጦ ቦታውን እስኪያገኝ ያልቃል። ስለዚህ ክፍሉ ሁሉ ባንድ ድምፅ ይጮኻል፤ በጩኸቱም ውስጥ የማያነበው ልጅ ይሸሸጋል።

በ2002 ዓ.ም. በስምንት ክልሎች በሁለተኛና በሦስተኛ ክፍል ልጆች ላይ የንባብ ምርመራ ተደርጎ ነበር። ምርመራው ልጁን ለብቻው አስቀምጦ በሰዓት እየለኩ ማስነበብ ነው። ከሁለተኛ ክፍል ልጆች ከሦስቱ አንዱ ያህል ከቀረበለት ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ ሳይችል ቀረ። ከዚህ በኋላ በአማርኛና በሌሎች ስድስት ቋንቋዎች አዲስ የንባብ መጽሐፍ ተዘጋጅቶ ታደለ፤ አስተማሪዎችም ሠለጠኑ። በመርሐ ቤቴም ሰዎች ለሰዎች የተባለው ድርጅት የትምህርት ቤት ሕንፃ አቁሟል። መጽሐፍና ቤት ትልቅ ነገር ነው፤ ነገር ግን ልጁ ሲሰናከል ግድግዳው አይሰማውም።

በዚህ ላይ ያለፉት ዓመታት ለትምህርት ክፉ ዓመታት ነበሩ። በ2012 ዓ.ም. አንደኛ ክፍል የገባ የመንዝ ልጅ በዚያው ዓመት በኮሮና በሽታ ምክንያት ትምህርት ቤቱ ተዘጋበት፤ በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ መንዝ ደረሰ፤ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ደግሞ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። እንዲህ ያለው ልጅ በዕድሜው አድጎ በንባቡ ሳያድግ ቢገኝ ጥፋቱ የእርሱ አይደለም። ትምህርት ቤቱ በተዘጋ ጊዜ ግን ልጁ በየኔታ ዘንድ ሲመላለስ ከርሞ እንደ ሆነ፣ ምን እንደሚያውቅና ምን እንደማያውቅ ከየኔታ በቀር የሚናገርለት የለም።

የየኔታ ሙያ ምን እንደ ሆነ የክፍሉ አስተማሪ ጠንቅቆ ሊያውቅ ይገባዋል፤ ለብዙ ወጣት አስተማሪ ጩኸትና ዱላ ብቻ ይመስለዋልና። በንባብ ቤት ልጁ አስቀድሞ ፊደል ይቈጥራል፤ ከሀ ሁ በኋላ አቡጊዳ ይሰጠዋል። አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ እየተባለ ተራው የሚፋለሰው ያለ ምክንያት አይደለም። ሀ ሁ ሂን እንደ ዜማ የያዘ ልጅ ፊደሉን የሚያውቀው በመልኩ ሳይሆን በተራው ነው፤ ተራው ሲፈርስ ማወቁና አለማወቁ ይገለጣል። ከዚያ በኋላ መልእክተ ዮሐንስ፣ ወንጌለ ዮሐንስና ዳዊት ይከተላሉ። ንባቡም በደረጃ ነው፤ ይኸውም በመጀመሪያ በቁጥር ፊደሉን አንድ በአንድ እየጠራ፣ ቀጥሎ በግእዝ ንባብ ቃሉን በዝግታ እያያያዘ፣ ከዚያ በውርድ ንባብ እያዜመ፣ በመጨረሻም በቁም ንባብ ሳይጎትት ማንበብ ነው። ተነሽና ወዳቂ፣ ሰያፍና ተጣይ የተባሉትን ንባቦች ሲለይ የኖረ ጆሮ፣ ልጁ የት ላይ እንደ ተሰናከለ ከአንዲት መስመር ይሰማዋል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን እያንዳንዱ ልጅ በየቀኑ ለብቻው ከመምህሩ ፊት ቀርቦ የሚያነብ መሆኑ ነው፤ መምህሩ ባይደርሱለት ታላቁ ተማሪ ታናሹን ያስቀጽለዋል። ለስድሳ ልጅ አንድ አስተማሪ ያጣው ነገር ይህ ነው።

ጉድለቱም ሳይሸሸግ ሊነገር ይገባል። ልጁ የሚያነበው ግእዝ ስለ ሆነ የቃሉን ትርጉም አያውቅም፤ ትርጉሙን የማያውቅ ልጅ ደግሞ ስሕተቱን ራሱ ሰምቶ ሊያርም አይችልም። አንዱም ምንባብ ብዙ ጊዜ ሲደገም በቃል ይያዛል፤ በመጀመሪያ የተነገረለት ልጅ በዚህ ነው የጠፋው። የክፍሉ አስተማሪ ግን ልጁ ከእናቱ በሰማው ቋንቋ የተጻፈ መጽሐፍ አለው፤ የተነበበውን ነገር ጠይቆ ማስመለስም ልማዱ ነው።

መጀመሪያ የሚነሣው ጥያቄ ማን ወደ ማን ይሂድ የሚለው ነው። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ብዙ ጊዜ ግን ሥራው የሚበላሸው ከዚሁ ነው። ርእሰ መምህሩ በወረቀት ቢጠሯቸው የኔታ ላይመጡ ይችላሉ፤ ቢመጡም እንደ ተከሳሽ ነው የሚመጡት። ስለዚህ ወጣቱ ከቀበሌው ሽማግሎች አንዱን ይዞ ከቅዳሴ በኋላ ወደ የኔታ ቢሄድ ይሻላል። ሲሄድም ይርዱኝ ብሎ እንጂ ላሠልጥንዎ ብሎ አይሂድ። ንግግሩ እንዲህ ሊሆን ይችላል።

«እንደምን አደሩ፣ የኔታ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን፤ እንደምን አደርህ፣ ልጄ። ምነው፣ በደኅና ነው?»

«በደኅና ነው። ስለ አንድ ልጅ ልጠይቅዎ ብዬ ነው። ከእኔ ዘንድ ሲያነብ ይወጣዋል፤ ሲጽፍ ግን ስሙን እንኳ ያሳስታል። ከእርስዎ ዘንድ እንዴት ነው?»

የኔታ ፈገግ ይላሉ። «እሱ የሚያነበው በጆሮው ነው። ከቁጥር ሳይወጣ ወደ ግእዝ ንባብ አለፈ። እኔም እረኛ ነው፣ ቀን የለውም፣ ቀስ ብሎ ይመለስበታል ብዬ ዝም አልሁ።»

«ታዲያ ምን ይሻለዋል፣ የኔታ?»

«ወደ አቡጊዳ መመለስ ነዋ! ግን ይህን ያህል ዕድሜ ይዞ ከትንንሾቹ ጋራ ባስቀምጠው ያፍራል። ነገ አይመጣም፤ በጎቹን ይዞ ይቀራል።»

በዚህ ንግግር ውስጥ ሊስተዋል የሚገባው ነገር አለ። ሁለቱ የተናገሩት ስለ አንድ ልጅ ነው እንጂ ስለ ማስተማር ዘዴ አይደለም። ስለ ዘዴ ቢጀምሩ ኖሮ የኔታ የጥንቱን፣ ወጣቱ የአዲሱን ይዘው ክርክር ይሆን ነበር፤ ሽማግሌውም የሚያስታርቅ ፍርድ ፍለጋ ይገባ ነበር። ስለ ልጁ ሲሆን ግን የሚያከራክር የለም። ሁለቱም ያውቁታል፤ ሁለቱም አዝነውለታል።

ቀጥሎ የሚያስፈልገው ልጆቹን ሁሉ ለየብቻ መስማት ነው። ለአንዱ ልጅ ሦስት ደቂቃ ቢበቃው ለስድሳ ልጅ ሦስት ሰዓት ነው፤ ሁለቱ ቢካፈሉት ለእያንዳንዱ አንድ ሰዓት ተኩል ይደርሰዋል፤ በአምስት ቀን ቢከፈል በየቀኑ ሃያ ደቂቃ አይሞላም። ልጁ ሦስት ነገር ያነባል። በመጀመሪያ ተራቸው የተፋለሰ ፊደላት፤ ቀጥሎ በየቀኑ የሚናገራቸው ዐሥር ቃላት፤ በመጨረሻ አስተማሪው ራሱ የጻፈው አጭር ምንባብ። «እናቴ የበግ ጠጕር ትፈትላለች። አባቴ ባና ይሠራል። ብርዱ ሲመጣ ባናውን እንለብሳለን።» እንዲህ ያለው ለመንዝ ልጅ ይበቃል። ምንባቡ ልጁ ከዚያ በፊት ሰምቶት የማያውቀው መሆን አለበት፤ ከመጽሐፉ የተወሰደ እንደ ሆነ በቃሉ የሚሄደው ልጅ እንደ ገና ያመልጣል። ውጤቱ በአንድ ወረቀት ላይ በልጁ ስም አንጻር ይጻፋል፤ ፊደል ያልለየ፣ በቁጥር ያለ፣ በግእዝ ያለ፣ በቁም የሚያነብ ተብሎ። ለዚህ የተለየ ስም ከውጭ ማምጣት አያስፈልግም፤ የንባብ ቤቱ ስም ነገሩን በሚገባ ይገልጠዋል፤ ወላጅም ቢጠይቅ ወዲያው ይገባዋል።

ወረቀቱ ከተሞላ በኋላ ሁለቱ መምህራን የሚለያዩበትን ነገር አስቀድመው መነጋገር አለባቸው፤ ልጁ በመካከላቸው እንዳይጨነቅ። በንባብ ቤት ፊደላት ስም አላቸው፤ ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ፣ ንጉሡ ሠ፣ እሳቱ ሰ ይባላሉ። በትምህርት ቤት ግን ድምፃቸው ብቻ ይጠራል። ገና ለጀመረ ልጅ ሁለቱም በድምፅ ብቻ ቢጠሩለት ይቀለዋል፤ ስሙ ሲያነብ ይደርስበታል። የኔታ ይህን ሲሰሙ ቅር ሊላቸው ይችላል፤ ቅሬታቸውም ከንቱ አይደለም፤ የፊደልን ሥርዓት መጠበቅ ክብር ነው። ነገር ግን በእሳቱ ሰ ፈንታ ንጉሡን ሠ የጻፈ ልጅ ማንበብ ችሏል፤ ለንና ሰን ያልለየ ልጅ ግን ገና አልቻለም። የመጀመሪያው ዓመት ድካም ለሁለተኛው ልጅ ሊሆን ይገባዋል። የመጽሐፉ የፊደል ቅደም ተከተል ከገበታው ሲለይም እንዲሁ ነው፤ በዚያ ሳምንት ክፍሉ የያዘውን ፊደል የኔታም ይያዙት።

ከባዱ ነገር የማጥበቅና የማላላት ነው። የአማርኛ ጽሕፈት የሚጠብቀውን ከሚላላው አይለይም። አለ የሚለው ቃል ሲላላ ተናገረ ማለት ነው፤ ሲጠብቅ ይኖራል ማለት ነው። ገና የሚለውም ላልቶ ጊዜው አልደረሰም ሲል ነው፤ ጠብቆ የልደት በዓል ነው። ሳድሱ ፊደል ደግሞ አንድ ጊዜ ድምፅ ይሰጣል፣ አንድ ጊዜ ድምፁን ይውጣል። በቁጥር የለመደ ልጅ ሁሉን እኩል እየመዘነ ሲያነብ ቃሉ የማያውቀው ቃል ይሆንበታል፤ አማርኛውን እንደ ግእዝ ያነበዋል። ሁለቱ መምህራን ከሌላው ስፍራ ይልቅ እዚህ ላይ ይፈላለጋሉ። አስተማሪው «እንዲህ ያለ ነገር ሰምተህ ታውቃለህን?» ብሎ ወደ ትርጉሙ ይመልሰዋል፤ የኔታ ደግሞ የሚጠብቀውን ፊደል አጥብቀው አሰምተው ያስቀጽሉታል። አንዱ ብቻውን ቢሠራው ልጁ ወይ ትርጉም እየገመተ ፊደሉን ይዘላል፣ ወይ ፊደሉን እየጠራ ትርጉሙን ይስታል።

የክፍሉን ሰዓት በሚከፍሉበት ጊዜ ቀኑን አስቀድመው ይምረጡ። በሳምንት ሁለት ቀን ቢሆን ይበቃል፤ በወር በዓልና በማኅሌት ማግስት የኔታን መጠበቅ አይገባም። ከአርባው ደቂቃ በመጀመሪያው ዐሥር አስተማሪው ምንባቡን ለክፍሉ ሁሉ አንብቦ ከባዱን ቃል ይተረጕማል። የኔታ በዚህ ጊዜ ከልጆቹ መካከል ይቀመጡ፤ በበሩ አጠገብ ቢቆሙ ተራ እንደሚጠብቅ እንግዳ ይመስላሉ፣ ልጆቹም እንደዚያው ያዩዋቸዋል። በሚቀጥለው ሃያ ደቂቃ የኔታ በቁጥር ያሉትን ስድስት ወይም ሰባት ልጆች ይዘው ወደ ጥጉ፣ ቀኑ ፀሐይ ከሆነም ወደ ውጭ ይወጣሉ፤ አስተማሪው በግእዝ ደረጃ ካሉት ጋራ ይቀራል፤ በቁም የሚያነቡትም ሁለት ሁለት ሆነው እርስ በርሳቸው ይሰማማሉ። በመጨረሻው ዐሥር ደቂቃ ሁሉም ተሰብስበው፣ ከየኔታ ዘንድ ከነበሩት አንዱ ያጠናትን መስመር ለክፍሉ ያነባል። ይህ የመጨረሻው እንዳይቀር ነው ጥንቃቄው። በጥጉ የተማረው ነገር በክፍሉ መካከል ካልታየ፣ ልጁ ጥጉን የደካሞች እስር ቤት አድርጎ ይቈጥረዋል።

ለዚሁ ሲባል በየወሩ ሁለቱ ቦታ ይለዋወጡ። የኔታ ጎበዞቹን ይያዙ፣ አስተማሪው ደካሞቹን። ደካማው ሁልጊዜ ከየኔታ ጋራ ከሆነ፣ ለየኔታም ለልጁም ስም ይወጣላቸዋል። አንዱ ሲሳሳትም ሌላው በልጆቹ ፊት አያርመው፤ የሚባለው ነገር ልጆቹ ከወጡ በኋላ ይባል።

ስለዚያ ስለሚያፍረው ልጅ መድኃኒቱ በንባብ ቤት ልማድ ውስጥ ተገኝቷል። ከትንንሾቹ ጋራ ተማሪ ሆኖ ሳይሆን አስቀጻይ ሆኖ ይቀመጥ። ማለዳ ከሁሉ ቀድሞ ይመጣል፤ የኔታ በዚያ ቀን ለትንንሾቹ የሚያስቀጽለውን የአቡጊዳ መስመር ለእርሱ ለብቻው ያስነብቡታል፤ ከዚያ እርሱ ለሦስት ልጆች ያስቀጽላል። ሌላውን ለማስተማር ፊደሉን በጣቱ ማመልከት ግድ ስለ ሆነ በቃሉ ሊሄድ አይችልም። አስተማሪው ደግሞ በትምህርት ቤት የእርሱን ተራ ከጩኸቱ መካከል አውጥቶ፣ ያልሰማትን አንዲት መስመር በየቀኑ ለብቻው ያስነብበዋል። እረኝነቱንም አባቱ ቢያንስ ለጥዋቱ ከታናሽ ወንድሙ ጋራ እንዲያከፍሉት ሽማግሌው ይናገሩ፤ ይህን አስተማሪው ቢናገረው አይሰማም።

የውጭውንም ልምድ ማወቅ ይጠቅማል። በኒው ዚላንድ ማሪ ክሌይ የተባለች ሊቅ በ1960ዎቹ ማብቂያ ያቋቋመችው ሥርዓት፣ በንባብ ወደ ኋላ የቀረውን የስድስት ዓመት ልጅ አንድ የሠለጠነ መምህር በየቀኑ ሠላሳ ደቂቃ ለብቻው እንዲያስተምረው፣ ይህም ከ12 እስከ 20 ሳምንት እንዲቈይ ያዛል። ብዙ አገር ተቀብሎት ነበር፤ በቶሎም ፍሬ ታየበት። ነገር ግን በ2014 ዓ.ም. በአሜሪካ የወጣ ጥናት፣ በዚህ መንገድ የተረዱ ልጆች ሦስተኛና አራተኛ ክፍል ሲደርሱ ካልተረዱት መሰሎቻቸው ዝቅ ብለው ተገኙ አለ። በምክንያቱ ሊቃውንት ይከራከራሉ። አንዳንዶች ልጁ ፊደሉን ከማየት ይልቅ ከሥዕሉና ከነገሩ መንገድ መገመትን ተምሯል ይላሉ፤ ሌሎች ለብቻ የተሰጠው ትምህርት በክፍሉ ውስጥ አልቀጠለም ይላሉ። ለመንዝ አስተማሪ ሁለቱም ክስ የሚሠራ ማስጠንቀቂያ ነው።

አንድ ነገር በግልጥ ሊወሰን ይገባል። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በ90ኛው አንቀጽ ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ ሆኖ እንዲሰጥ ያዛል። ስለዚህ የኔታ ወደ ክፍል ሲገቡ ዳዊታቸውን በቤታቸው ትተው የንባብ ሙያቸውን ይዘው ይገባሉ፤ በክፍል የሚነበበው የትምህርት ቤቱ የአማርኛ መጽሐፍ ብቻ ነው። በጥዱ ሥር የሚያስተምሩት ትምህርት ግን የራሳቸው ነው፤ አስተማሪው በዚያ አይገባባቸውም። ወደ ይፋት ወገን የሙስሊም ልጆች በሚማሩበት ቀበሌ ደግሞ ቁርኣን የሚያስቀሩ ሼኅ ይገኛሉ፤ ልጁን ለብቻ አስቀርቦ መስማት የእርሳቸውም ልማድ ነውና፣ አማርኛ ፊደል የሚያውቁ ከሆነ በዚሁ ደንብ ሊጠሩ ይችላሉ። ዱላም በክፍል አይገባም። ይህን ለየኔታ የሚነግራቸው ወጣቱ አይሁን፤ ሽማግሌው ቀደም ብለው በቤታቸው ይንገሯቸው።

ስለ ዋጋ መናገር ነውር የሚመስለው ሰው ይኖራል። የኔታ ለጽድቅ ነው የሚያስተምሩት ይባላል፤ እርሳቸውም አይጠይቁም። ዳሩ ግን አንዱ በደመወዝ፣ ሌላው በከንቱ በአንድ ክፍል ሲቆሙ እኩልነታቸው ብዙ አይቆይም፤ ክረምት ሲመጣ የኔታ ወደ ማሳቸው ይሄዳሉ፣ ሥራውም ይቋረጣል። የወላጆችና የመምህራን ኅብረት ተሰብስቦ በዓመት ይህን ያህል ገብስ፣ ወይም ማሳቸውን በወንፈል ማረስና ማጨድ ብሎ ቢወስን፣ በቃለ ጉባኤም ቢጽፈው ለሁሉም ይበጃል። ከልጆቹ በየግል የሚሰበሰብ ገንዘብ ግን ችግር ያመጣል፤ ያልከፈለው ልጅ ቀድሞ የሚቀረው እርሱ ስለ ሆነ።

በየአርብ ማታ ሁለቱ ሩብ ሰዓት ያህል ተቀምጠው ወረቀቱን ይመለከታሉ። ከቁጥር ወደ ግእዝ ያለፈ ልጅ ካለ ምልክቱ ይለወጣል፤ ሦስት ሳምንት ያልተነቃነቀ ልጅ ካለ ስለ እርሱ ብቻ ይነጋገራሉ። ዐይኑ ነው? ጆሮው ነው? ራብ ነው? ወይስ የሚያስተምሩት ሁለቱ ተጣልተውበታል? ብዙ ጊዜ ልጁ የጥቁር ሰሌዳውን ጽሕፈት የማያይ ሆኖ ይገኛል፤ ያን ጊዜ ወደ ፊት ማስቀመጥ ከአንድ ወር ትምህርት ይበልጥለታል።

ሰኔ ሲሆን ወረቀቱ በሁለቱ ፊርማ ይዘጋል፤ አንዱ ግልባጭ በትምህርት ቤቱ ይቀራል፣ አንዱ በየኔታ እጅ ይሆናል። አስተማሪው በክረምት ወደ መሐል ሜዳ ወይም ወደ ራቤል ቢዛወር፣ ትምህርት ቤቱም እንደ ገና ቢዘጋ፣ በመስከረም የሚመጣው አዲስ አስተማሪ ማን ከየት እንደሚጀምር የሚጠይቀው ሰው ከገብሱ ማሳ ማዶ ተቀምጦ ያገኛል።